የሹክሹክታ ደጋፊዎቼ

በሹክሹክታ የሚደግፍ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጀሞ ላይ ኮንዶሚኒየም ሙሉ አለኝ።

የሰርግ ዘፋኝ ነኝ። አንድ ቀን ለቡ ሰፈር ሰርግ ላይ፣ ፉከራ ስጀምር የሙሽራው አጎት እንደተለመደው ሽጉጣቸውን መዘው ወደ ሰማይ ሊተኩሱ ተነሱ። ሙዚቃውን አስቆምኩና በማይኩ «ጋሼ፣ ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል እኮ! አጠገባችን ሰው የሚኖርበት ፎቅ ነው» አልኳቸው።

«አንተ ዝፈን! ማን ፖሊስ አደረገህ?» አሉኝ። ድንኳኑ በሳቅ አውካካ።

በማግስቱ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። አንዱ ፈሪ አለኝ፤ ሌላው «ወንዱን ሁሉ ትጥቅ ሊያስፈታ ነው» ብሎ ጻፈ። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ከማይክ ሌላ ምን ይዣለሁ?

ከዚያ ወዲህ ለሰርግ የሚጠራኝ ጠፋ። ደጋፊ ግን ሞልቶኛል! ታክሲ ውስጥ አንዱ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጆሮዬ ስር «ልክ ብለሃል» ይለኝና «ወራጅ!» ብሎ ይወርዳል። ወራጅ ሲል ድምፁ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰማ ደረጃ ላይ ጨብጠውኝ «አንተ ባትኖር ማን ይናገርልን ነበር?» እያሉ እጄን አልለቅ ብለው ነበር።

እሁድ ዕለት ጋሽ ታደሰ ልጃቸውን ዳሩ። ድንኳኑ የተተከለው ከቤቴ ስር ነው፤ ዘፋኙ ሌላ ሰው ነው። ለእንግድነት እንኳን ቢጠሩኝ ብዬ ሱፌን ለብሼ ተቀመጥኩ። ፉከራው ሲጀመር ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ታደሰ ናቸው! ተስገብግቤ አነሳሁት።

«ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «በረንዳ ላይ እንዳትወጣ፤ ሊተኩሱ ነው።»