የእድራችን ማሾ እና የጋሽ ይመር ሰርግ

ዘንድሮ የማሾ ጨርቅ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ካልፈለጋችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ማሾ ለማታውቁ፣ በላምባ የሚሠራ፣ አየር እየተነፋ የሚበራ ፋኖስ ነው። ዳስ ሙሉ ሰው ፊት ለፊት ያስተያያል። ብርሃኑ የሚወጣው ግን ከብርጭቆው ውስጥ ከተንጠለጠለች፣ የሕፃን ካልሲ ከምታክል ጨርቅ ነው። እሷ ከሌለች ማሾው የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

እኔ እዚህ ቆቦ የእድራችን ንብረት ጠባቂ ነኝ። ድስቱም፣ ድንኳኑም፣ አግዳሚውም የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው። ሥራው ክብር አለው ይባላል። ባለቤቴ አስካለ ግን እስካሁን ያየችው ድስቱን እንጂ ክብሩን አይደለም።

ማሾውን ለእድሩ የሰጡት ጋሽ ይመር ናቸው። ጥር ላይ የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ መጡና፣ "ማሾው ይብራልኝ" አሉ። ኧረ ጋሼ፣ አምፖል አለ፣ መብራት ቢጠፋም ሶላር አለ አልኳቸው። ሟች ሚስታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋት በዚህ ማሾ መሆኑን ነገሩኝ። ያኔ ሙሽራ ተሸፋፍና ነው የምትመጣው፤ ፊቷ ሲገለጥ ማሾው ቦግ ብሎ ነበር። አሁን የእሳቸውም ዓይን እየደከመ ነው። "ሳይጨልምብኝ ልጄን በዚያ ብርሃን ልያት" አሉኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? "አብሽሩ" አልኩ። የእኔ ምላስ ሁልጊዜ ከእግሬ ይቀድማል።

ጨርቅ ፍለጋ ቆቦ ገበያን ዞርኩት። አንዱ ባለሱቅ የስልክ መሸፈኛ አወጣልኝ። ሌላው እህሉን የምፈልግ መስሎት ወደ እህል ተራ ጠቆመኝ። ጎብዬ ወረድኩ፤ እዚያም የለም። ሰዎቹ ግን ዋጃ ያሉ አንድ ሽማግሌ ሐጂን ጠየቅህ ወይ አሉኝ። ዋጃ ስደርስ ሐጂ ከአሮጌ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ጨርቅ አወጡ። ለሰርግ ነው ስላቸው፣ "አላህ ያሳምረው፤ ማሾውን ሳትፈትሹ ግን ሰው መሀል እንዳታስገቡት" ብለው አስጠነቀቁኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ ይመር መጥተው ፍተሻውን ራሳቸው መሩት። ግቢዬ ውስጥ፣ ከማሽላ አገዳው ክምር ርቀን፣ አሸዋ በባልዲ አጠገባችን አስቀምጠን። መጀመሪያ ያለ ላምባ ነፉትና መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው ካበጠ አየር ያፈሳል ማለት ነው። አበጠ። መጋጠሚያው ላይ ያለውን ጎሚኒ ቀየርን። እንደገና ሲነፉት አረፋው አላበጠም። ላምባ ጨመርን፣ ጨርቋን አሰርን፣ የጨርቋ የመጀመሪያ ጭስ እንዳያገኘን ከነፋሱ ወዲያ ቆምን። ጨርቋ ነደደች፣ ተኮማተረች፣ ነጭ አመድ ሆነች። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ቦግ! ከጋሽ ይመር ጋር ተቃቀፍን።

አጥፍተን አየሩን አስተነፈስነው። ጋሽ ይመርን ሸኝቼ ስመለስ አስካለ በፈገግታ ተቀበለችኝ። በእኛ እድር ዕቃ ሳይታጠብ ወደ ቦታው አይመለስም፤ በአንድ ድስት ጥላሸት ስንት ሰው ተወቅሷል። እሷም ማሾውን ፈትታ ልቅም አድርጋ አጥባዋለች። "ውስጡ የተቃጠለ ጨርቅ ትታችሁ ነበር፤ አወጣሁላችሁ" አለችኝ። ያ የተቃጠለው እኮ መብራቱ ነው! የሚያበራው አመድ ከሆነ በኋላ ነው፤ ጣት ከነካው አለቀ። ግን ምን ልበላት? መች ነገርኳት?

እሑድ፣ በሰርጉ ዕለት፣ አንዲቷን የቀረች ጨርቅ አሰርን። የጋሽ ይመር ግቢ ገለባ፣ ምድጃና ሕፃን ስለሞላው አሁንም የሞከርነው እኔ ቤት ነው። በራ። ጓሮ ያለው ቁርቁራ ዛፍ ላይ ሰቀልነው። አሁን እንዴት ይሂድ? ቤታቸው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። በባጃጅ እንዳንል፣ የባጃጅ ንቅናቄ እንኳን ጨርቋን እኛንም አመድ ያደርጋል። በእጅ ለመያዝ የደፈረ ጠፋ። ጋሽ ይመር ማሾውን አዩ፤ መንገዱን አዩ። "እንግዲያስ ዳሱ ይምጣ" አሉ።

መጣ። ዳሱም፣ ጠላውም፣ ሚዜውም፣ የማላውቃቸው የአላማጣ ዘመዶችም መጡ። አስካለ እኔን እያየች የእድሩን ድስቶች አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር።

መሸት ሲል ሙሽሪት ገባች። ጋሽ ይመር ከማሾው ሥር አቁመው፣ አገጯን ይዘው ብዙ አዩዋት። "እናትሽን..." ብለው መጨረስ አቃታቸው። እኔም አለቀስኩ። ጭሱ ነው እንዳልል ማሾ አይጨስም። አስካለም ዓይኗን በነጠላዋ ስትጠርግ አየኋት።

ከዚያ ወዲህ ማሾውን ከዛፉ ለማውረድ እጁን የዘረጋ የለም። እኔ ግቢ ሁለት ተዝካርና አንድ ኒካህ ተደርጓል። አስካለ መረራት፤ እኔም ባለፈው ስብሰባ ቆሜ፣ ከንብረት ጠባቂነቱ አሰናብቱኝ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ፣ አዘኑልኝም። ጋሽ ይመር ተነሥተው ውሳኔውን አሰሙ፦ "ፈቅደንልሃል። ለአዲሱ ንብረት ጠባቂ ግን ቤቱን እስከ ቅዳሜ አስረክበው።"