ወንዙ ሲለካኝ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ወንዙ ቢሮ ገብቶ፣ በአለቃዬ ወንበር ላይ ተደላድሎ አገኘሁት፤ ደግ ያድርገው። ወንዙ አጋም ውሃ የሚባለው ነው፤ ድልድይ የምነድፍለት እሱው። በደህናው ጊዜ ለኪዋ እኔ ነኝ፤ በክፉ ቀን እስከ የት ይሞላል ብዬ ገምቼ ድልድዩን ከዚያ በላይ አደርጋለሁ። በሕልሜ ግን ወንዞቹ መሐንዲስ ሆነው፣ እኛ መሐንዲሶቹ የምንለካበትን ተራ በር ላይ ተሰልፈን እንጠብቃለን። ማንንም አልገረመውም፤ እኔንም አልገረመኝም።

ስሜ ተጠራና ገባሁ።

«ወይዘሪት ውብዓለም ነሽ?» አለ ወንዙ፣ ከጺሙ ውሃ እየተንጠባጠበ። «ተቀመጪ አልልሽም፤ የሚለካ ሰው ቆሞ ነው።»

«ምኔ ነው የሚለካው?»

«ማጎንበስሽ ነዋ! አለቃሽ ክፉኛ በተቆጣ ቀን እስከ የት ትወርጃለሽ? አንቺ ባጎነበስሽ ቁጥር ድልድዩም ዝቅ ይላል። ጎርፍ ዝም ተብሎ አይላክም እኮ፤ ድልድዩን ለመውሰድ ስንት ውሃ እንደሚበቃ ቀድሞ ይሰላል።»

አንድ አምባዛ ዓሣ ከረቫት አስሮ፣ የሜትር ዘንግ ይዞ መጣ። «ከድልድዩ ከፍታ አንድ ሜትር ቀንሺ፣ በጀት የለም!» ብሎ በአለቃዬ በአቶ ደምመላሽ ድምፅ ጮኸብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ቃል ነው።

«እሺ ጌታዬ» አልኩና ጎንበስ አልኩ። አምባዛው ዘንጉን አስጠግቶ ግንባሬን ለካና «እስከ ጉልበቷ!» አለ።

በዚህ መሃል የመቶ ዓመቱ ጎርፍ በሩን በርግዶ ገባ። እርጥብ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ ንዴቱ ግን የጎረምሳ።

«ካቻምና መጥቼ ነበር። ዘንድሮም ልምጣ ብል ዘበኛው ‹ገና ዘጠና ስምንት ዓመት ይቀርዎታል› ብሎ መለሰኝ! ይሄ ሥርዓት ነው?»

«ዘበኛው ተሳስቷል፣ አባባ» አልኩ፤ ሙያዬ ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም። «የመቶ ዓመት መባልዎ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለዎት ማለት ነው እንጂ ወረፋ አይደለም። ተከታትለው ቢመጡም መብትዎ ነው።»

«ተባረኪ! ታዲያ ይህን ለአለቃሽ ነግረሽዋል?»

«ፈራሁ» አልኩ።

ወንዙ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እርስዎ ይረፉ፣ አባቴ። ለዚህ ድልድይ እርስዎን ማንከራተት ነውር ነው። አንድ ሕፃን የሰኔ ጎርፍ ይበቃዋል።»

ያን ጊዜ እህቴን አስናቀችን በመስኮት አየኋት። ከወንዙ ማዶ ታስተምራለች፤ ድልድዩ ሲያልቅ ጠዋትና ማታ የምትሻገረው እሷ ናት። ድልድዩ ላይ ቆማለች፤ ውሃው ጫማዋን ያጥባል፤ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ እሷም ትስቃለች። «አስኔ፣ ሩጪ!» ልላት ብዬ ቀና ለማለት ስሞክር ወገቤ እንቢ አለ። እንደጎበጥኩ ቀረሁ።

የስልክ ጥሪ ቀሰቀሰኝ። አቶ ደምመላሽ ናቸው።

«ወይዘሪት ውብዓለም፣ የምሥራች! የካቻምናው ጎርፍ የመቶ ዓመቱ ነበር አሉ። እንግዲህ ዘጠና ስምንት ዓመት ለጥ ብለን ነው የምንተኛው! ያቺን አንድ ሜትር ቀንሺና ዛሬውኑ ፈርሚ። ምነው፣ ድምፅሽ ጠፋ?»

«አለሁ፣ ጌታዬ» አልኩ።

ዓይኔ የቁምሳጥኑ መስታወት ላይ አረፈ። ብቻዬን፣ በሌሊት ልብሴ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ግንባሬ ጉልበቴን ሊነካ ምንም አልቀረው።