ያላለቀ ሥራ አይከፈልም

«ሚያዝያ 12 ቀን 1996 ዓ.ም. አቶ ዋሴ ገብረ ሊባኖስ» ይልና ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ወረቀት ነው። የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ የመጨረሻ ገጽ ሲሆን፣ ሰርካለም በመሥሪያ ቤቷ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ዓረፍተ ነገሩ በመንገድ የቀረው በጸሐፊዋ ስንፍና አይደለም። እንዳትጨርሰው የከለከሏት ባለ ታሪኩ ራሳቸው ናቸው።

በጽሕፈት የሚያድር ሰው ሁሉ አንድ አያ ዋሴ አለው። የለኝም የሚል ካለ ገና ሥራ አልጀመረም። እንዲህ ያለው ደንበኛ ዕዳውን አይክድም፤ ቢክድማ ተጣልተው በተገላገሉት። ዕዳውን ከባለ ገንዘቡ አብልጦ ያስታውሳል። መንገድ ላይ ሲያገኝ ከሩቅ ይጣራል፣ ስለ ዕዳው ጤንነት ያወራል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። የማያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሰርካለም ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምራ ወደ ሰቆጣ የተመለሰችው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ከዞኑ ቢሮዎች በአንዱ መዝገብ ቤት ተቀጠረች። ደሞዙ ወር አያደርስም ነበርና ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሰው ትጽፋለች፦ ማመልከቻ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ። ያን ጊዜ ሰቆጣ ባጃጅ አልገባትም። ከገበያ የሚመለስ ሰው በየደጁ እየቆመ ይጫወታል፤ ዕዳም የሚጠየቀው በሰላምታ መሃል ነበር። ደንበኞቿ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘው ይመጡና ሥራው አልቆ ዋጋ ስትጠይቃቸው ይገረማሉ።

«ወረቀቱ የኔ፣ እስክርቢቶው የኔ፣ ነገሩም የኔ። ታዲያ ያንቺ ምንድን ነው?»

ለዚህ የሚሆን መልስ ዩኒቨርሲቲ አልሰጧትም።

አያ ዋሴ የመጡት የአንድ ሀብታም እህል ነጋዴ ቀብር በዋለ ማግስት ነው። የአበርገሌ ቆላ፣ የኒሯቅ ሰው ናቸው፤ ፍየል አርቢ፣ ረጅም፣ ከዘራቸውን መሬት ሳያስነኩ የሚሄዱ።

«ትናንት የተነበበውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ አያ፣ እኔ ነኝ።»

«ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለድኻ አዛኝ ነበር አልሽ። እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ቀበርን እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።»

ከዚያ ቁጭ አሉና የራሳቸውን አዘዙ። በቁማቸው ሊሰሙት፣ ሰምተው ሊያጸድቁት። ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ ይህን ሲሰሙ «ምን ያለው ሟርተኛ ነው!» ብለው ለብዙ ቀን አኮረፏቸው ይባላል። ክፍያው አንዲት የአበርገሌ ፍየል ሆነ፤ የምትሰጠው ግን ታሪኩ ሲያልቅ ነው።

«ያላለቀ ሥራ አይከፈልም» አሉ አያ ዋሴ።

ሰርካለም ተስማማች። የሰው ታሪክ መቼ እንደሚያልቅ ታሪክ የተማረ ሰው ቀድሞ ማሰብ ነበረበት። ፍየሏን ለፋሲካ አስባት ነበር፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ነው እየተለዋወጠ የሄደው።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ስታነብላቸው «ለጋስ» የሚለው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«አውጪው፣ ሰው ይስቃል። ያልተከፈለሽ ራስሽ አይደለሽ እንዴ?»

በሁለተኛው ረቂቅ ቀዩ በሬያቸው እንዲገባ ፈለጉ።

«አያ ዋሴ፣ በሰው የሕይወት ታሪክ በሬ አይገባም።»

«ታዲያ እኔ ከማን ጋር ነው የኖርኩት?»

በሬው ገባ። ተከዜ ሞልቶ ያገዳቸው ጊዜ ያደሩበት ዛፍም ገባ። በክፉው ዘመን ከጎረቤት የተካፈሉት ማሽላም ገባ። ጨዋታውን በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ይጀምሩታል። ሰርካለም እስክርቢቶዋን ስታነሣ «ቆይ፣ በአማርኛ ሲሆን ያጥራል» ይሉና ሌላ ይጨምሩበታል። ወረቀቱ እየወፈረ ሄደ፤ ማለቂያውም እየራቀ።

በየገበያው ቀን ታዲያ የፍየሏን ወሬ ያመጣሉ። ፍየሏ ከስታለች፤ ትስባ። ፍየሏ ተከዜ ዳር ወርዳለች፤ ትመለስ። አንድ ቀን ደግሞ ባለ ጉዳይ በሞላበት ኮሪደር ከወዲያኛው ጫፍ ሆነው ጮኹ፦

«ሰርካለም! እንኳን ማርያም ማረችሽ! መንታ ነው!»

የቢሮው ገንዘብ ያዥ ጌታሰው፣ ላላገባች ባልደረባው መንታ መወለዱን የሰማው በዚህ ዓይነት ነው። ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ ብሎ «መቼ አረገዝሽ?» አላት በሹክሹክታ። ነገሩን ስታስረዳው ተናደደ።

«እና ምን ትጠብቂያለሽ? ለሰው የምትጽፊውን ለራስሽ ጻፊያ!»

እውነቱን ነው። ባለ ዕዳ የሚያስደነግጥ ማስጠንቀቂያ በመጻፍ በሰቆጣ የሚወዳደራት አልነበረም። ተቀምጣ ጻፈች፦ «ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ ፍየል ስለመጠየቅ።» ቀን አስገባችበት፣ ፈረመችበት፣ በሚቀጥለው ገበያ ሰጠቻቸው። አያ ዋሴ ማንበብ አይችሉም ነበርና መልሰው ሰጧት።

«አንብቢልኝ።»

ቆማ አነበበች። «በሕግ የምጠይቅ መሆኔን በጥብቅ አስታውቃለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«እንዴት ያምራል! ማነው ምስኪኑ፣ እንዲህ የተያዘው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አያ ዋሴ።»

«እኔ?» ጉልበታቸውን መቱ። «ታሪኬ ውስጥ አስገቢልኝ! ‹በፍየል ዕዳ ተፈልጎ ነበር› በይ። ሰው እውነት ነው ብሎ የሚያምነው ይኼኔ ነው።»

አስገባችላቸው።

የጨዉ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። አንድ ቀን እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

«ፍየሏ ያንቺ አይደለችም እንዴ? ታዲያ የምትልሰውን ጨው ማን ይግዛላት?»

ሰርካለም ለራሷ ክፍያ ቀለብ ከፈለች። ከዚያም በኋላ በየገበያው ከፈለች። ጌታሰው ይህን ሲያይ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ያበደው ማነው? እሳቸው ናቸው አንቺ?» እሷ ግን የገበያ ቀን ሲሆን ዝርዝር ሳንቲም አዘጋጅታ ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት ታይ ነበር። ቢዘገዩባት ሥራ አይያዝላትም።

በዚያች ሚያዝያ 12 ጨዉን ገዝተው ተመለሱና ከበሩ ላይ ቆሙ።

«የዛሬንም ጻፊ» አሉ።

ቀኑንና ስማቸውን ጻፈች። «ምን አደረጉ ልበል?»

«ጨው ይዤ ኒሯቅ ገባሁ... ቆይ፣ ቆይ!» ከዘራቸውን አነሡ። «ገና መች ገባሁ? ጨው ይዞ የወጣ ሁሉ ይገባል እንዴ? ያላለቀ ሥራ አይጻፍም። ስገባ፣ በሚመጣው ገበያ እነግርሻለሁ።»

በሚመጣው ገበያ አልመጡም። የቆላ ወባ ጣላቸው፤ አልተነሡም። መርዶው ከአይሱዙ ወርዶ ሰቆጣ ሲሰማ ቀብራቸው ካለፈ ሰንብቷል። ያ ሁሉ ገጽ፣ ቀዩ በሬ፣ የተከዜው ዛፍ፣ የፍየሏ ዕዳ፣ ሳይነበብ አፈሩ ተመለሰ። ሰርካለም የመጨረሻውን ገጽ ከመሳቢያው ታወጣለች፣ ታያለች፣ ትመልሳለች። ቀኑን ታውቃለች፣ ስሙን ታውቃለች፤ መግባታቸውን አታውቅም። መዝገብ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ያላወቀውን አይጽፍም። ስለ ሌሎች ሙታን ግን እንደዚያ ተጨንቃ አታውቅም ነበር።

ተዝካሩ ሲቃረብ እትዬ አልጣሽ ጥቁር ለብሰው ቢሮ መጡ። ከውጭ፣ ከአጥሩ ላይ፣ አንዲት ጠና ያለች ፍየል ታስራ ነበር።

«በቀብሩ ሳይነበብ ቀረ፤ በተዝካሩ ይነበብለት። ይችንም ‹ሥራው ሲያልቅ ስጫት› ብሎኛል። አልቋል ልጄ?»

ሰርካለም ስንት ፋሲካ የጠበቀቻትን ፍየል በመስኮት አየቻት። ፍየሏም አየቻት።

«አላለቀም፣ እትዬ አልጣሽ። ያላለቀ ሥራ ደግሞ አይከፈልም።»

እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ሳይለይ ትከሻቸው ተናወጠ።

«የሱን አነጋገር ይዘሽ ቀረሽ! ምኑ ነው የጎደለው?»

«ያን ቀን ጨው ይዘው ከዚህ ወጡ። መግባታቸውን አልነገሩኝም።»

«ገብቷል እንጂ!» አሉና ተቀመጡ። «መሸት ሲል ከመኪና ወርዶ ገባ። ትኩሳቱ ጀምሮታል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ‹አረፍ በል፣ ውኃ እንኳ ቅመስ› ስለው፣ ‹የሰው አደራ ይዤ?› አለኝ። ጨዉን በድንጋይ ሰበረና መጀመሪያ ይችን አላሰ። ከዚያ ሌሎቹን። ከዚያ ነው የተኛው።»

ሰርካለም መሳቢያዋን ከፈተች።

«ፍየሏን ይመልሷት እትዬ። ከመንጋዋ አትለይ። ጨዉን እኔ እልክላታለሁ።»

«በየገበያው?»

«በየገበያው።»

ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ፣ እስክርቢቶዋን ሞክራ፣ ከቆመበት ቀጠለች፦

«ሚያዝያ 12 ቀን 1996 ዓ.ም. አቶ ዋሴ ገብረ ሊባኖስ ከሰቆጣ ገበያ ጨው ገዝተው ኒሯቅ ቤታቸው ገቡ፤ ፍየሎቹንም አላሱ።»