የበረዶው ኮሚሽንና የጣሪያው ጄሶ

በዚህ ዓለም ያለ በቂ ዝግጅት የተጀመሩ ጉዞዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ከዚህ በታች የሚተረከው ጉዞ ግን ከነዚያ ወገን አይደለም። ከመነሻው እስከ መድረሻው በመመሪያ፣ በደንብና በኮሚሽን የተመራ፣ ለመጪው ትውልድም አርአያ መሆን የሚገባው የክቡር ዶን ባልዶሜሮ ኦያርሱን የመጀመሪያ የበረዶ ጉዞ ነው።

ዶን ባልዶሜሮ በወደቡ ጉምሩክ የሚዛን ክፍል ምክትል ተቆጣጣሪ ሆነው ዕድሜያቸውን አገልግለው በክብር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በአገልግሎት ዘመናቸው አንድም ጆንያ ሳይመዘን በፊታቸው አላለፈም። ከአፋቸው የወጣ ቃል ግን ተመዝኖ አያውቅም። ዕድሜ ልካቸውን ባሕር ዳር ሲኖሩ ውሃ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ነክቷቸው አያውቅም፤ ይህም ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆኑ ያሳያል።

ነገሩ የተጀመረው በሻይ ሰዓት ነው። አንዲት ልጃቸው ያስና በዋና ከተማው በሳንቲያጎ ነርስ ናት፤ እዚያው ክሪስቶባል ከሚባል ልጅ ጋር ተዋውቃ ለጋብቻ ተጫጭተዋል። የልጁ ወላጆች ዶን ሊዮናርዶ ባሬኔቼያና ባለቤታቸው ዶኛ መርሴዲስ ለትውውቅ ከዋና ከተማው ወረዱ። ዳቦው ተቆረሰ፣ አቮካዶው ተቀባ፣ ስለ አየሩም ስለ መንገዱም የሚባለው ሁሉ ተባለ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። በመስኮቱ በኩል፣ ዝናብ ባጠበው ሰማይ ላይ፣ ተራራው በሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«በረዶው ዘንድሮ አምሮበታል» አሉ ዶን ባልዶሜሮ፣ ዝምታውን ለመሙላት ያህል።

ዶን ሊዮናርዶ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «እኛማ በየዓመቱ ነው የምንወጣው።»

«እኛም፣ ሥራ ሲፈቅድ።»

ለዶን ባልዶሜሮ ሥራ ፈጽሞ ከፈቀደላቸው አምስት ዓመት ሆኖ ነበር። ያስናን ሻዩ ትን አላት። ክሪስቶባል ኩባያው ውስጥ የወደቀ ነገር እንዳለ ሁሉ አጎንብሶ ይመለከት ጀመር። ሁለቱ ልጆች አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ አባቶቻቸው ቀን ቆርጠው፣ ሁለቱ ቤተሰብ በሐምሌ ዕረፍት በበረዶ ሸርተቴው መዝናኛ እንዲገናኝ ተስማምተው፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የበረዶ ጉዳይ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ዶን ባልዶሜሮ ናቸው፤ የመረጧቸውም እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ዶኛ ኦሪያና ጸሐፊ ሆኑ። ለዕረፍት የመጣችው ያስናና አክስቷ ቲያ ኔልዳ፣ ሰባውን ያለፉት ዳሌ ታማሚ የዶኛ ኦሪያና ታላቅ እህት፣ ተራ አባል ሆነው ተሰየሙ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የተጓዦች ችሎታ እኩል እንዳልሆነ ከግምት በማስገባት እያንዳንዱ አባል ሊቅ፣ መካከለኛ ወይም ጀማሪ ተብሎ እንደሚመደብ አስታወቁ። መመዘኛው በራስ መተማመን ሆነ።

ዶን ባልዶሜሮ ራሳቸውን ሊቅ አደረጉ፤ የተቃወመ የለም። የሊቅ ሚስት ጀማሪ ብትሆን ለቤቱ ስለማይመጥን ዶኛ ኦሪያና መካከለኛ ተባሉ። ያስና በረዶን የማውቀው በቴሌቪዥን ነው ብላ በግልጽ በመናገሯ ጀማሪ ሆነች፤ እንዲህ ያለውን ንግግር አማቾቿ ፊት እንዳትደግመውም ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ቲያ ኔልዳ ከነዳሌያቸው በክብር ተመልካችነት ተመደቡ።

«ተመልካች?» አሉ ቲያ ኔልዳ። «ማነው በዚህ ቤት ከእኔ በላይ የተንሸራተተ? ወለሉን ማን ሲወለውለው የኖረ መሰለህ?»

ንግግራቸው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ። ይሁን እንጂ ኮሚሽኑ ሐሳቡን ዝም ብሎ አልጣለውም። የኦያርሱን ቤት ኮሪደር ረጅም ነው፤ እንጨቱ በየሳምንቱ ሰም ስለሚቀባ ፊት ያሳያል። የገባ ሁሉ ወለሉን እንዳይቧጭር ጫማው ሥር ቁራጭ ጨርቅ አድርጎ፣ እግሩን ሳያነሳ፣ ተንሸራቶ ነው የሚያልፈው። ዶን ባልዶሜሮ ይህን ባዩ ጊዜ ተራራው ድሮም ቤታቸው ውስጥ እንደነበረ ገባቸው። መጥረጊያ እንጨት በግራና በቀኝ ጨብጠው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ከመንገድ በሩ ወደ መመገቢያ ክፍሉ ተነሡ።

የልምምዱ ውጤት እጅግ አበረታች ነበር። ከጥቂት ሳህኖች፣ ከአንድ የአበባ ማስቀመጫና ከሊቀ መንበሩ መቀመጫ በቀር በማንም ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ያስና ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ ስታወጣቸው ጨርቁ እግራቸው ላይ እንደተጣበቀ ነበር። ጉልበታቸውን አሸት አሸት እያደረገች «አባዬ፣ ክሪስቶባል የሚያገባው እኔን ነው፤ ጉልበትህን አይደለም» አለቻቸው። አባቷ ግን ፈርተው ነበር። በሠርጉ ቀን በሙሽራው ወገን ያሉት ሴቶች ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አይተው «የሚዛን ሠራተኛው ልጅ ናት፤ በረዶ እንኳ አይተው አያውቁም» ሲባባሉ ከወዲሁ ይሰማቸዋል። ከዚህች ልጅ አስበልጠው የሚወዱት ነገር በዓለም ላይ የለም። በእሳቸው ምክንያት አንገቷን ከምትደፋ ምድር ብትውጣቸው ይመርጣሉ። ሞኝነታቸው ከፍቅር የመጣ ነው። ይህ ግን ሞኝነቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ከዚያ በኋላ ኮሚሽኑ አንድ የመጨረሻ ውሳኔ አሳለፈ። ወደ መዝናኛው የተቀቀለ እንቁላል ይዞ መሄድ ክልክል ሆነ። የወደብ ሰው ለመንገድ እንቁላል መቀቀሉ የታወቀ ነው፤ የበረዶ ሰው ግን ምግብ ቤት ተቀምጦ ያዛል። ዶኛ ኦሪያና ውሳኔውን መዝግበው ወደ ማድ ቤት ገቡና እንቁላሉን ጣዱ።

የመነሻው ቀን ጠዋት ዶኛ ኦሪያና ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ሳሎን ሲመጡ ባላቸውን ወንበር ላይ ተደላድለው አገኟቸው። ግራ እግራቸው ከጣታቸው እስከ ጉልበታቸው ነጭ ሆኗል። ባለፈው ዓመት የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ሲጠገን የተረፈው የጄሶ ጆንያ በሩ ሥር አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አደጋ።»

«መቼ የደረሰ?»

«ሰሞኑን።»

«ትናንት አይደለም እንዴ ዓሣ ተሸክመህ ዳገቱን በእግርህ የወጣኸው?»

«ሕመሙ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ አሮጊቴ።»

ዶኛ ኦሪያና ሌላ አልጠየቁም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ቦርሳቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ሚስጥር ነበራቸው። ያስና ግን መኪናው ውስጥ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና ጄሶውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ነርስ ናት፤ የሰው ጄሶን ከጣሪያ ጄሶ ትለያለች። ዶን ባልዶሜሮ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አሸሹ።

«ገና አልደረቀም» አለቻቸው ቀስ ብላ። «ብዙ አታንቀሳቅሰው።»

መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ወጣ። ጎማው ላይ ሰንሰለት ታሰረ። በየመታጠፊያው ጄሶው እየከበደ፣ ከውስጥ እየበላቸው ሄደ፤ ዶን ባልዶሜሮ ግን ለልጃቸው ክብር የማይከፍሉት ዋጋ እንደሌለ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። መዝናኛው በር ላይ ሲደርሱ ዶን ሊዮናርዶ ከነባለቤታቸው ቆመው ይጠብቃሉ። የዶን ሊዮናርዶ ቀኝ እጅ ከጣታቸው እስከ ክርናቸው በጄሶ ተጠቅልሎ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ሁለቱ አባቶች ተያዩ። መጀመሪያ ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ ጄሶ ለጄሶ።

«ምን አገኘዎት?»

«ሸርተቴ። እርስዎስ?»

«ሸርተቴ።»

እያንዳንዳቸው በሌላው ስብራት ከልብ አዘኑ፤ ከልብም ደስ አላቸው። ችሎታቸው እኩል ያልሆነ ተጓዦችን አንድ ላይ ማስኬድ እንዴት ከባድ እንደሆነ ሲወራ ይሰማል። ኮሚሽኑ ግን ለዚህ ችግር ማንም ያላሰበውን መፍትሔ አግኝቶለት ነበር፤ ሊቃውንቱ በሙሉ ሰገነቱ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ጀመር፤ ወደ በረዶው የሄዱት ጀማሪዎቹ ብቻ ናቸው።

ያስናና ክሪስቶባል ከአሠልጣኙ ጋር ዝቅተኛው ተዳፋት ላይ እየወደቁና እየሳቁ ነው። ዶኛ ኦሪያናና ዶኛ መርሴዲስ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው፣ አንዳቸው ሌላይቱ ምን እንደምታዝ እየጠበቁ ተቀምጠዋል። አባቶቹ ደግሞ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ስለ ሙያው ይወያያሉ።

«እኔ ቁልቁለት ነው የምወደው» አሉ ዶን ሊዮናርዶ።

«እኔንም ዳገቱ ብዙ አይማርከኝም።»

«ዋናው ነገር ሚዛን ነው።»

«ስለ ሚዛን ለእኔ አይነግሩኝም» አሉ ዶን ባልዶሜሮ፣ በዚያን ቀን ብቸኛውን እውነት ሲናገሩ። በዚህ መሐል ዶን ሊዮናርዶ በተሰበረው እጃቸው ኩባያቸውን አንሥተው ፉት አሉ። ዶን ባልዶሜሮም የተሰበረውን እግራቸውን በደህናው ላይ አነባበሩት። ሁለቱም ስለ ሌላው ጽናት በልባቸው ተደነቁ።

ችግሩ የመጣው ከክብር ተመልካቿ በኩል ነው። ቲያ ኔልዳ የወለል ሰምም የመንሸራተቻ ሰምም ያው ሰም ነው ብለው ለተዳፋቱም ለዳሌያቸውም ሳይነግሩ ሄደው መንሸራተቻ ተከራይተዋል። አሠልጣኙ ዞር ሲል ዱላቸውን ነቅለው ራሳቸውን ለቀቁ። ኮሪደሩ ውስጥ እንደለመዱት ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እግራቸውን ሳያነሡ፣ ግሩም በሆነ ሁኔታ ወረዱ። እዚያ ቤት ግን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ግድግዳ አለ፤ እዚህ ያለው ሰገነቱ ነው። ቲያ ኔልዳ በመንገዳቸው ያገኙትን ሁሉ «ልለፍ፣ ይቅርታ፣ ልለፍ» እያሉ በቀጥታ ወደ ሁለቱ ሊቃውንት መጡ።

ዶን ባልዶሜሮ ብርድ ልብሱን ወርውረው ተነሡ። በጄሶ እግራቸው ደረጃውን በአንድ ዝላይ ወረዱና በረዶውን እያቦነኑ ሮጡ። ዶን ሊዮናርዶ ቀደሟቸው፤ አንገታቸው ላይ ያለውን ማንጠልጠያ በጥሰው ሁለት እጃቸውን እንደ ግብ ጠባቂ ዘረጉ። ቲያ ኔልዳን መሐል ለመሐል ያዟቸው። ሦስቱም ተያይዘው ወደቁ።

ብናኙ ሲረጋ በረዶው ላይ በረዶ ያልሆነ ነጭ ነገር ተበትኖ ታየ። ከዶን ባልዶሜሮ ጄሶ ውስጥ ባለ መስመር የፒጃማ እግር ወጣ። ከዶን ሊዮናርዶ ጄሶ ውስጥ ደግሞ የእጅ ሰዓት፤ ደህና ይሠራል።

ቲያ ኔልዳ ከላያቸው ላይ ሆነው አንዱንም ሌላውንም አዩ። «አየህ ባልዶሜሮ» አሉ፤ «እዚህ ተራራ ላይ በረዶው ስብራት ያድናል።»

የሳቀ የለም። ያስና እየተንገዳገደች ደርሳ አባቷ አጠገብ ተንበረከከች። ዶን ባልዶሜሮ ያን ያህል የፈሩት ሰዓት ይኸው መጣ፤ ከልጃቸው ፊት ላይ ዓይናቸውን ማንሣት አቃታቸው። ዶኛ መርሴዲስ ከሰገነቱ ላይ «ሊዮናርዶ፣ ስንት ጊዜ ነገርኩህ» አሉ።

ዶን ሊዮናርዶ በረዶው ላይ እንደተቀመጡ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እውነቱን ልንገርዎት ዶን ባልዶሜሮ። እኔ እስከ ዛሬ በረዶ ረግጬ አላውቅም። ይሄ ኮት ራሱ የኪራይ ነው። እናንተ የምትወጡ መስሎኝ ልጄ እንዳያፍርብኝ ነው።»

የዶን ባልዶሜሮ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዶን ሊዮናርዶንም ሳቁ ያዛቸው፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያስና አባቷን ግንባራቸው ላይ ሳመቻቸው። አላፈረችም። ያን የሚያህል ጄሶ የጠፋው በከንቱ ነበር።

ዶኛ ኦሪያና ይህን ሲያዩ ቦርሳቸውን ከፈቱና በጨርቅ የተጠቀለለውን እንቁላል ጠረጴዛው ላይ አወጡ። ዶኛ መርሴዲስ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው የራሳቸውን የቆዳ ቦርሳ ከፈቱ፤ እንቁላሉ እዚያም አለ፣ ጨው ሳይቀር በወረቀት ተቋጥሮ። የኮሚሽኑ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ተሻረ። ሁለቱ ቤተሰብ እንቁላሉን እየላጠ ዋለ። አባቶቹም ተነሥተው፣ ልጆቻቸውን ምስክር አድርገው፣ ከዛሬ ጀምሮ በመካከላቸው እውነት እንጂ ሌላ እንዳይነገር ቃል ተገባቡ። ሲያዩት ልብ የሚነካ ነበር።

መለያያው ላይ ዶን ባልዶሜሮ ልባቸው ሞልቶ «በበጋ ደግሞ እኛ ዘንድ ነው» አሉ። «ባሕሩ በራችን ላይ ነው።»

«ደስ ይለናል። መቼም እርስዎ የባሕር ሰው ነዎት፤ ዋና...»

ያስና የምትልጠውን እንቁላል አስቀመጠች።

«ዓሣ ነኝ» አሉ ዶን ባልዶሜሮ። «እርስዎስ?»

«እኔማ በልጅነቴ ሐይቅ አቋርጫለሁ።»

ያስናና ክሪስቶባል ተያዩ።

መኪናው ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወረደ። ተራራው ከኋላ ቀርቶ ባሕሩ በሩቅ ብልጭ ሲል ዶን ባልዶሜሮ ወደ ባለቤታቸው ዘንበል አሉ።

«አሮጊቴ፣ ያ የጣሪያ ጄሶ ተርፏል?»

«ግማሽ ጆንያ አለ።»

ዶን ባልዶሜሮ ዓይናቸውን ጨፍነው በሐሳባቸው መዘኑት፤ ሙያቸው ነው።

«ይበቃል» አሉ። «ለዶን ሊዮናርዶም ይደርሳቸዋል። እንግዳ ናቸው።»