የክርስትና አባት የሚጠብቀው የጢስ ማሽን

ታላቅ ሥራ አባት አያጣም፤ ታላቅ ከተማ የሚታወቀው ግን ለትንሹም ሥራ አባት ሲፈልግ ነው። በዚህ ረገድ በሰሜን ፔሩ የባሕር ዳርቻ ወደባችንን የሚያህል የለም። የመንገድ ዳር ወንበር እንኳ ሪባኑን ቆርጦ የሚመርቀው የክርስትና አባት ሳይኖረው አይቀመጡበትም፤ አምቡላንስ ሳይመረቅ በሽተኛ አያነሣም። የገበያው ሽንት ቤት ክርስትና እናቱ ከሊማ እስኪመጡ ተቆልፎ ሲቆይ እንኳ ሕዝቡ በሚያስመሰግን ጨዋነት ታግሧል።

የዚህ ሥርዓት ዘበኛ የማዘጋጃ ቤቱ የፕሮቶኮል ሹም ዶን አቡንዲዮ ኬሬቫሉ ነበሩ። ሪባን ሲያስሩ ያየ ሰው ቁስል የሚያሽጉ ሐኪም ይመስሉታል።

በዚያ ዓመት ባሕሩ ከገና በፊት ሞቀ። አንቾቬታው ዓሣ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ የአጥማጆቹ መረብ ስሙን ማንም የማያውቀው ዓሣ ይዞ ወጣ። ከንቲባው ዶን ሪጎቤርቶ ቴሞቼ፣ ባሕሩ የማዘጋጃ ቤቱን በጀት ሳይነካ ራሱን በማሞቁ በአደባባይ አመሰገኑት። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ኢልዳውራ ብቻ አላጨበጨበችም።

«ክቡር ከንቲባ፣ ኤል ኒኞ ነው። ባሕሩ እንዲህ ሲሞቅ ዝናብ ይመጣል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ይተኛል። ውሃ በተኛበት ቢምቢ ይነሣል፤ ቢምቢ ሲነሣ እኛ በደንጊ ትኩሳት እንተኛለን።»

«ባሕሩ የዓሣ ሚኒስቴር ነው፤ ዝናቡ የሰማይ» አሉ ከንቲባው። «ለቢምቢው ማሽን አዝዣለሁ።»

ማሽኑ እውነትም መጣ። መድኃኒት የሚያጨስ፣ ቢጫ፣ የሚያምር ማሽን። አቡንዲዮ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት አቁመው ሸራ አለበሱት፤ በቀይና ነጭ ሪባን አሰሩት። የክርስትና አባት እንዲሆኑም አንድ የተከበሩ የምክር ቤት አባል ከሊማ ተጠሩ። በማግሥቱ ዝናቡ ወረደ፤ ወንዙ ድልድዩን ይዞት ሄደ፤ የተከበሩት አባልም ከወንዙ ማዶ ቀሩ።

«ዶን አቡንዲዮ፣ ማሽኑን ይልቀቁልኝ» አለች ሲስተር። «ለዬሴኒያ እንኳ አያዝኑም? ደንጊ እርጉዝ ላይ ይከፋል።»

ዬሴኒያ የአቡንዲዮ አንድ ልጅ ናት፤ መውለጃዋ ተቃርቧል።

«አዝናለሁ እንጂ! ግን ያልተመረቀ ማሽን ዲቃላ ነው፣ ሲስተር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«የዘገየስ? ድልድዩ ተመርቆ አልነበር?»

«በሦስት የክርስትና አባት!» አሉ በኩራት።

«ታዲያ ሦስቱ አይዙትም ነበር?»

ዬሴኒያም ከገበያ ስትመለስ፣ «አባዬ፣ ሸራው ላይ ውሃ ተኝቷል። ትል ይርመሰመስበታል» አለቻቸው።

«እንዳትነኪው! እጥፋቱን ለክቼ ነው ያስተካከልኩት።»

ድልድዩ ሲጠገን እንግዳው መጡ። «ቢምቢ ሆይ፣ ቀንህ ደረሰ!» ብለው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ የበቆሎ ጠላ የሞላውን ማሰሮ ሰበሩ፤ ሪባኑን ቆረጡ። ሸራው ሲገለጥ ግማሹ ውሃ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። በማሽኑ ጥላ ተወልዶ ያደገው ቢምቢም በአንድነት ተነሥቶ ከክቡራኑ ጋር ተዋወቀ፤ ደረጃ ሳያዛንፍ፣ ከእንግዳው ጀምሮ። ማሽኑ ብቻ አልነሣም አለ፤ ሆዱ ውሃ ጠጥቶ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጤና ጣቢያው በደንጊ በሽተኛ ሞላ። ያለው አንድ ክፍል ስለሆነ ከንቲባው መስኮቱ ሥር፣ አቡንዲዮ መሐል፣ ዬሴኒያ ከጎናቸው ተኙ። እሷ የገባችው ምጥ ጀምሯት ነው፤ ትኩሳት የላትም። ለጊዜው።

«አጎበር መጥቶልናል» አለች ሲስተር ወደ መተላለፊያው እያመለከተች። አጎበሮቹ በቀይና ነጭ ሪባን ታስረው ተከምረዋል።

«ታዲያ ምን ይጠብቃል? ስቀይው እንጂ!» አሉ አቡንዲዮ።

«የክርስትና አባቱ እስኪድን ነዋ።»

«ማነው ደግሞ እሱ?»

«እርስዎ! ምክትልዎ ነው የመረጠዎት። እስኪሻልዎት እንዳይነካ ብሏል።»

«የሥራ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ! ፈትተሽ ስቀይ ብያለሁ!»

«የሕመም ፈቃድ ላይ ነዎት። 'ዶን አቡንዲዮ ያስተማሩኝን አላፈርስም' እያለ ነው ልጁ። በሩ ላይ ቆሟል።»

አንዲት ቢምቢ ከአቡንዲዮ ግንባር ተነሥታ ወደ ዬሴኒያ ክንድ አመራች። አቡንዲዮ በመዳፋቸው ሊመቷት ሰነዘሩ፤ ሳቷት።

«እርስዎን የነከሰች እሷን ከነከሰች...» አለችና ሲስተር አልጨረሰችም። የፋሻ መቀሷን ከኪሷ አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ አኖረች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

አቡንዲዮ እየተንቀጠቀጡ በባዶ እግራቸው ወደ መተላለፊያው ወጡ። ምክትላቸው አፉን ከፍቶ እያየ ሪባኑን ቆረጡት። በሽተኞቹ እንደ ልማዳቸው አጨበጨቡ። የመጀመሪያው አጎበር ዬሴኒያ ላይ ተዘረጋ።

ይኼኔ ከመስኮቱ ሥር የከንቲባው የደከመ ድምፅ ተሰማ።

«ዶን አቡንዲዮ! ፎቶ አንሺው እኮ አልመጣም። ያውርዱትና ሪባኑን መልሰው ይሰሩት!»

አቡንዲዮ የአጎበሩን ጠርዝ ከልጃቸው ፍራሽ ሥር እጥፍ አድርገው ወተፉ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ እጥፋቱን አስተካክለው።

«ይቅርታ፣ ክቡር ከንቲባ» አሉ፤ «ትኩሳቱ ጆሮዬን ደፍኖታል።»