ሽማግሌ የያዘው በርጩማዬ

መካነ ሰላም ስንት አናጢ ሞልቶ፣ እኔ ጥርሴን ጨርሼ በርጩማ ካልሠራሁ ማለቴ! አናጢው ይማም ሥራውን አስተማረኝና «እናቴ፣ ቫርኒሹ ሳይደርቅ ሰው እንዳያስቀምጡበት» አለኝ። እናንተዬ፣ ጀማሪ መቼ ይሰማል? መላጊያ በጨበጠ ማግሥት መምህሩን ማረም ያምረዋል። እኔም ጠዋት ቀብቼ ከሰዓት ለእንግዳ አቀረብኩት።

እንግዶቹ የልጅ ልጄን ዘሀራን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። እሷ እንኳ ልጁን ወዳዋለች። እኔ ግን በመጀመሪያ ቀን እሺ ማለት ያዋርደኛል ብዬ ልኮራ ተዘጋጅቻለሁ። ትልቁን ሽማግሌ በእጄ ሥራ ላይ አስቀመጥኩና፣ ነገሩን ሰምቼ ስጨርስ «በሉ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» አልኩ።

ሽማግሌው ብድግ ሲሉ በርጩማው አብሯቸው ብድግ አለ! ጋቢያቸው ከቫርኒሹ ጋር ተጣብቋል። ቢጎትቱት እምቢ አላቸው። መልሰው ቁጭ አሉና፣ ኮስተር ብለው፣ «ወላሂ፣ እሺ ሳይሉን አንነሣም!» አሉ።

ጓደኞቻቸው «አላህ ነው ያስቀመጣቸው!» አሉ። ዘሀራ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። ምን ላድርግ? ዱዓ አድርጌ መረቅኩ።

ማታ ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ለፋጡማ ብነግራት፣ «አንቺ መች ዳርሻት፣ ቫርኒሹ ነው እንጂ! ለእኔዋም ልጅ ቶሎ አንድ በርጩማ ቀቢልኝ» አለችኝ።