የቧንቧ ውሃ ቅሬ ፕሬዚዳንት ሲመርጥ

ሥልጣን የማይፈልግ ወሎዬ አይቼ አላውቅም። «ሥልጣን እፈልጋለሁ» ብሎ አፉን የከፈተ ወሎዬም አይቼ አላውቅም። አትቆጡ! እኔም ወሎዬ ነኝ፤ የራሴን ሰው ካላማሁ ማንን ላማ ነው?

ነገሩ የሆነው ጣልያን ደሴ ላይ በተቀመጠበት ዘመን ነው። የሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ቅሬ አባት፣ ማለት የቅሬው አለቃ፣ አረፉ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀብርበታል፣ አብሮ ይድርበታል። የቅሬው ድንኳንና ጎላዎች፣ እነዚያ በሬ የሚቀቀልባቸው ድስቶች፣ የሚቀመጡት አባት በተባለው ሰው ቤት ነው። በቀድሞው ልማድ ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጉና አንዱን ይጫኑታል። እሱ «አይሆንም፣ አልችልም፣ በአላህ፣ በማርያም!» እያለ ይለምናል፤ እየለመነም ይሾማል። ሁሉም ደስ ብሎት ይበተናል።

ያን ሰሞን ግን አሊ ዘይን ከዓደን ተመለሰ። አሊ ዘይን አያቱ ከየመን የመጡ፣ ፒያሳ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ከጨርቁ ይልቅ ወሬው ስፋት ያለው ሰው ነበር።

«አሜሪካ በሚባል አገር ንጉሥ የለም! ሁለት ሰዎች ይፎካከራሉ፤ ሕዝቡ በየጠቅላይ ግዛቱ ይመርጣል፤ ያሸነፈው ፕሬዚዳንት ይባላል። ወላሂ!»

ይህን የነገረው አንድ መርከበኛ ነው። መርከበኛው ግን የሚያውቀው የራሱን ጠቅላይ ግዛት ፉክክር ብቻ ነበር። እዚያ ተወዳዳሪዎቹ የማያውቁትን ሰው እየጨበጡ፣ የሰው ሕፃን እየሳሙ መንደር ለመንደር ዞሩ አሉ። የቀሩት ግዛቶች ምን እንዳደረጉ መርከበኛው አያውቅም፤ እኛም እስከ ዛሬ አናውቅም። ቅሬያችን ግን በዚያች አንዲት ግዛት ሥርዓት ፕሬዚዳንት ሊመርጥ ቆረጠ። ልብ በሉልኝ... አገራችንን ማን እንዲገዛት ማንም አልጠየቀንም፤ ጎላ ጠባቂ ለመምረጥ ግን አሜሪካኖች ሆንን!

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ኮምቦልቻ ወርደው ቆዳ የሚነግዱት ሸህ ኡመር፤ ሌላው ይመር። ይመር ማለት ባሌ ነው።

አሁን የእኔን ጭንቀት ስሙኝ። ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ጓዳዋ መስኮት አላት። እኔ ባል ካገባሁ በኋላ ፊደል መቁጠር የጀመርኩ ሴት ነኝ፤ የምቆጥረውም ከዚያች መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው። ይመር ደግሞ ገና ሳይመረጥ «ጓዳዋ ለቅሬው ዕቃ ትሆናለች» ብሎ ወስኗል።

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

«የፕሬዚዳንት ሚስት ቁጭ ብላ ታውቃለች?»

ስለዚህ ባሌ እንዲሸነፍ ተሳልኩ። ለማን እንደተሳልኩ አልናገርም፤ ስለቴን ያልሰማልኝን ማሳጣት ይሆናል።

ሸህ ኡመር ከኮምቦልቻ ሸንኮራ አገዳ በአህያ እያስጫኑ ለሰፈሩ አደሉ። ይመር ሸንኮራ ስለሌለው ሕፃን ወደ መሳም ዞረ። እናቶች ሲያዩት ልጃቸውን በነጠላ ሸፍነው «እትፍ! እትፍ!» እያሉ ይሸሹ ጀመር። ሰውየው ለሥልጣን ብሎ ቡዳ ሊባል ምንም አልቀረው! ሰፈርተኛው ግን ጨዋ ነው፤ ለይመርም «ካንተ ሌላ ማን አለን?» ይላል፤ ለሸህ ኡመርም «ከርስዎ ሌላ ማን አለን?» ይላል፤ ሸንኮራውንም ይልጣል።

የምርጫው ዕለት ጠዋት ይመር በማሸነፉ እርግጠኛ ስለነበር ጎላዎቹን ከሟቹ ቤት አሸክሞ ጓዳዬ ውስጥ ከመራቸው። መስኮቴ ጨለመች።

ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ፤ እኛ ሴቶች ድምፅ ስለሌለን ከዳገቱ ሆነን እናያለን። አሊ ዘይን ተነሣ።

«በዚያች ግዛት ሰው መጋረጃ ውስጥ ገብቶ ነው የሚመርጠው።»

«ተደብቆ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ምን ሰርቆ ነው የሚደበቀው? እዚሁ ፊት ለፊት! ተወዳዳሪዎቹ ይቁሙ፣ የመረጣቸው ከኋላቸው ይሰለፍ።»

ሁለቱ ቆሙ፤ ሰዉ ከኋላቸው ተሰለፈ። እዚህ ላይ መቆጠር ነበረበት። ግን «አይሆንም» የሚለውን ሰው የሚጫን ሽማግሌ የለማ! አሜሪካኖች ያን ነገር ረስተውታል። ይመር ዞር ሲል ታላቁን ሸህ ኡመርን አየ፤ ይሉኝታ ያዘው።

«እርስዎ እያሉ እኔ ፊት ልቆም? ነውር ነው!» አለና ሄዶ ከሸህ ኡመር ኋላ ተሰለፈ። ከኋላው ሊሰለፉ ቃል የገቡለትም ተከትለውት ሄዱ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሸህ ኡመር። «ይህ ልጅ ቤቱን ለቅሬው ከፍቶ እኔ ልቅደመው?» ዞረው ከይመር ሰልፍ ጭራ ሊቆሙ ሄዱ። የእሳቸውም ሰዎች ተከተሏቸው። ይመር ይህን ሲያይ እንደገና ከኋላቸው... ሜዳው ላይ ትልቅ ክብ ተሠራ፤ ክቡም መዞር ጀመረ!

«ምርጫው አልቆ ጭፈራ ጀመሩ እንዴ?» አለችኝ ጎረቤቴ ዘሐራ።

ጭፈራ የመሰለው ለእሷ ብቻ አልነበረም። አንድ የጣልያን ሹም ከወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር ደረሰ። ክቡ ቆመ።

«ያለ ፈቃድ የሰበሰባችሁ ማን ነው?» አለ አስተርጓሚው። «አለቃችሁ ከእኛ ጋር ይሄዳል።»

ያን ጊዜ ብታዩ! ያ ሁሉ ሸንኮራ፣ ያ ሁሉ ሕፃን...

«እሳቸው ናቸው!» አለ ይመር።

«ወላሂ እሱ ነው! ጎላው እንኳ እሱ ቤት ነው!» አሉ ሸህ ኡመር።

ይመር አመድ መሰለ። እኔም ከዳገቱ ላይ ስለቴን ለመመለስ ተጣደፍኩ፤ እንዲሸነፍ አልኩ እንጂ እንዲታሰር መች አልኩ! ሹሙ ግን በአስተርጓሚው በኩል የቀረውንም ጠየቀ፤ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ቀሰረ። አሊ ዘይን ሳይቀር «እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ» አለ። ሹሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አስተርጓሚው ተረጎመልን።

«አለቃ ከሌላችሁ አታሰጉም፤ ወደየቤታችሁ ግቡ ብሏል።»

ገባን። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንት የሚል ቃል ያነሣ የለም። ይመር «ጎላዎቹን ውሰዱልኝ» ብሎ በር ለበር ለመነ፤ ማን ይቀበለው! እኔም አንዱን ጎላ ከመስኮቴ ሥር ደፍቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ከበፊቱ ከፍ ስላልኩ ብርሃኑም ተሻለ።

ሸህ ኡመር ልጃቸውን ሲድሩ መጡ። «ልጄ፣ አንድ ጎላ...»

«ይቀመጡ ሸህ ኡመር፤ ገጹን ልጨርስ።»

ተቀመጡ! ጥላሸት ያለበት ጎላ ሲመልሱም አልቀበልም አልኳቸው፤ አሳጥበው አመጡ። ቀስ በቀስ ቀብሩም ሰርጉም እኔን ሳይጠይቅ የማይሆን ሆነ። ጣልያን ሄደ፤ እኔ አልሄድኩም። እኔንም እንደሱ ማንም አልመረጠኝም፤ ነገር ግን እኔን ከጎላው ላይ ለማውረድ አንድ ሰው ተነሥቶ በሕዝብ ፊት «እኔ ልተካት» ማለት አለበት።

ወሎ ውስጥ!